በሁለት አገር ግብር ያልተቆጠረ ልጅ

እሑድ፣ የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጎጃም፣ አዴት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየፈላ ነው። መምህርቷ ስልኳን ከረከቦቱ ላይ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ፣ ለሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍታዋለች። በስልኩ ውስጥ ያለው ወንድሟ ነው፤ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ጠዋት 3 ሰዓት ነው። አባታቸው ከገጠር ግማሽ ኬሻ ድንች አስጭነው መጥተው፣ አፈሩ ገና ከጫማቸው አልረገፈም። በሩ ሥር የ12 ዓመት ልጅ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የቤት ሥራውን ይሠራል። የወንድምየው ልጅ ነው። እናቱ በ3 ዓመቱ ሞታበት፣ አባቱም ወደ ውጭ ሲሄድ ያሳደገችው አክስቱ ናት።

እኅት፦ ድምፅህ ደህና አይደለም፣ ወንድማለም። ምን ሆነሃል?

ወንድም፦ ምንም አልሆንኩም፣ እታለም። የታክስ ወቅት ነው፤ ጠረጴዛዬ በወረቀት ተሞልቷል። እስከ ሚያዝያ 7 አስገብቶ መጨረስ ነው። ትናንት ታክስ ከሚሠራልኝ ሰው ዘንድ ነበርኩ። «ስንት ልጅ አለህ?» አለኝ፤ «ሁለት» አልኩት። «ባለፈው ዓመት ከግማሽ ዓመት በላይ ካንተ ጋር የኖረው ስንቱ ነው?» ሲለኝ «አንዷ» አልኩ። አንድ ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ሳልፈርምበት ይዤው መጣሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አባት፦ ቆይ እስቲ ልጄ። ልጅን ከግብር ምን አገናኘው? እኛ የምናውቀው ግብር የመሬት ነው። ሄደህ ትከፍላለህ፣ ደረሰኝህን ታስቀምጣለህ፣ አለቀ።

ወንድም፦ እዚህ ይገናኛል፣ አባየ። ሕጉ ገቢህን ብቻ አይቶ አይለቅህም፤ በሥርህ ስንት ልጅ እንደሚያድርም ይጠይቃል። ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ከሚከፍለው ግብር ላይ ያነሳለታል። ቻይልድ ታክስ ክሬዲት ይሉታል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1997 ታውጆ፣ ሲጀምር ለአንድ ልጅ 400 ዶላር ነበር። ለ2025 ገቢ 2,200 ዶላር ደርሷል። ልጁ ግን ዓመቱ ሲያልቅ 17 ያልሞላው መሆን አለበት።

እኅት፦ «ያነሳለታል» ስትል ከምኑ ላይ ነው? ከገቢው ነው ወይስ ከግብሩ?

ወንድም፦ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ከገቢ ላይ የሚነሳ አለ፣ ከግብር ላይ የሚነሳ አለ። ይህኛው ከራሱ ከግብሩ ላይ ነው። የእኔን ላስላላችሁ። እኔና ባለቤቴ በዓመት 45,000 ዶላር አገባን እንበል። ከዚያ ላይ 31,500ው ለባልና ሚስት ግብር የማይነካው ነው፤ ይህ ከገቢ ላይ የሚነሳው ነው። 13,500 ይቀራል። በዚያ ላይ 10 በመቶ ሲታሰብ 1,350 ዶላር ግብር ይወጣል። እንግዲህ ለትንሿ ልጄ 2,200 የሚነሳልኝ ከዚህ ከ1,350ው ላይ ነው።

አባት፦ ከ1,350 ዕዳ ላይ 2,200 ከተነሳማ ከዕዳው በለጠ እኮ።

ወንድም፦ በለጠ። የተረፈው 850 ዶላር በእጄ ይሰጠኛል። ሌላውን ድጋፍ ሳንቆጥር ማለት ነው። በእጅ የሚሰጠው ግን ልክ አለው፤ ለአንድ ልጅ ከ1,700 አያልፍም። የሚሰላውም ሠርቶ ካገኘው ገቢ ከ2,500 ዶላር በላይ ባለው ላይ 15 በመቶ እየተባለ ነው። ምንም ያልሠራ ምንም አያገኝም፣ ጥቂት የሠራ ጥቂት ያገኛል።

እኅት፦ እንግዲያው ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው። አንዱ ዕዳህን ሰርዞ እዚያው ያቆማል። ሌላው ዕዳህን ሰርዞ የተረፈውን ይመልስልሃል። ደሀ ለሆነ ሰው ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ወንድም፦ በትክክል። በ2021 ያንን በዓይናችን አየን። ለአንድ ዓመት ብቻ ገንዘቡን ከፍ አደረጉት፤ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ 3,600፣ ከዚያ በላይ ላለው 3,000 ዶላር። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ግማሹን በየወሩ ላኩት። ሥራ ያልነበረውም አገኘ። በአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ አንደኛው መለኪያ፣ በድህነት የሚኖሩ ልጆች በዚያ ዓመት 5.2 በመቶ ሆኑ። ድጋፉ ሲቋረጥ፣ በማግሥቱ ዓመት 12.4 በመቶ ደረሱ። ያው ልጆች፣ ያው ወላጆች ናቸው፤ የተለወጠው ሕጉ ነው።

አባት፦ ይህንስ ሰማሁ። ይህ በሩ ላይ የተቀመጠው ልጅህስ? ለምን አልተቆጠረም? ያንተ አይደለም?

(ልጁ እርሳሱን አቆመ።)

ወንድም፦ የእኔ ነው፣ አባየ። ሕጉ ግን የእኔ መሆኑን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። ከግማሽ ዓመት በላይ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር አለብን። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ መሆን አለበት። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ሦስቱንም አያሟላም። በየወሩ ለምግቡና ለትምህርቱ የምልከው ወረቀቱ ላይ ቦታ የለውም። ለሌሎች ጥገኞች የሚታሰብ 500 ዶላር አለ፤ እሱም ዜጋ ወይም ነዋሪ ለሆነ ነው። ለአንተ የምልክልህም እንዲሁ ነው። እዚህ ያለው ሐበሻ ግማሹ እናት አባቱን ይጦራል፣ የወንድም የእኅቱን ልጅ ያስተምራል። በታክስ ወረቀቱ ላይ ግን ብቻውን የሚበላ ሰው ይመስላል።

እኅት፦ ያ የሚሠራልህ ሰው ሌላ መላ አላለህም?

ወንድም፦ አለኝ እንጂ። «ከፈለግህ አብሮህ እንደሚኖር አድርገን እናስገባው፤ ማን ያየዋል?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ለሌላውም ሰው ይህን ንገሩ። ሕጉን ንቆ ያልተገባ ልጅ ያስመዘገበ ሰው ለ2 ዓመት ይህን ድጋፍ ይከለከላል፤ ማጭበርበር ከሆነ ለ10 ዓመት ነው። የሚጠየቀው ደግሞ የፈረመው ባለቤቱ ነው፤ ወረቀቱን የሞላለት ሰው ስህተት ባለቤቱን ነጻ አያወጣውም። የተፋቱ ወላጆችም አንዱን ልጅ ሁለቱ አስገብተው ይጣላሉ። በአንድ ዓመት አንድ ልጅ የሚቆጠረው ለአንድ ሰው ነው፤ በመደበኛው አብዛኛውን ሌሊት አብሮት ላደረው። ያ ወላጅ ለሌላው ሊለቅለት ከፈለገ የሚፈርምበት ቅጽ አለ፤ ቁጥሩ 8332 ነው።

አባት፦ ደግ አደረግህ። በልጅ ስም አይዋሽም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ ግብር የሚሉት ነገር ቤት ውስጥ ያለውን አፍ አለማየቱ ዛሬ የመጣ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. እኔ የዚህን ልጅ ያክል ነበርኩ። በኅዳር ላይ አሥራት ቀርቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ይከፈላል የሚል አዋጅ ወጣ። ገማች ይመጣል ተባለ። ገማች ማለት ማሳ ዳር ቆሞ «ይህ ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው። ደጋ ዳሞት፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ገበሬው ገማች አላስገባም ብሎ ተነሣ።

እኅት፦ የጎጃም ገበሬ ግብር ጠልቶ አመፀ ተብሎ ነው የሚነገረው።

አባት፦ ግብር መክፈል አዲስ ነገር አልነበረም፣ ልጄ። ሰው የፈራው ርስቴ ሊለካ ነው፣ ከእጄ ሊወጣ ነው ብሎ ነው። በኋላም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሡም ውዝፉን ማሩ። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ከትልልቆቹ አፍ የሰማሁት አንድ ነገር አለ። «ገማቹ ማሳውን ያያል፣ ጎጆው ውስጥ ግን አይገባም» ይሉ ነበር። ሁለት ልጅ ያለውና ስምንት ልጅ ያለው ጎረቤታሞች ናቸው፤ ማሳቸው እኩል ነው፤ ስለዚህ እኩል ይገመትባቸዋል። ስምንቱ ከምን እንደሚበሉ የሚጠይቅ የለም።

ወንድም፦ ዛሬስ እንዴት ነው?

አባት፦ ዛሬም የምከፍለው በመሬቱ ስፋት ነው፣ በሄክታር። አፍ የተቆጠረበት ጊዜም ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጅ ወጥቶ በገበሬ ማኅበር ስንደለደል። ያኔ የቤተሰብ ቁጥር ተጠይቋል። ብዙ ልጅ ያለው ሰፋ ያለ ደረሰው። ስለዚህ መንግሥት መቁጠር አይችልም አትበሉኝ። ሲፈልግ ቆጥሯል።

እኅት፦ አባየ ያሉት እኔ ደሞዝ ስቀበል ልቤ የሚለውን ነው። ና እስቲ አንተ፣ ደብተርህን ይዘህ ቅረብ። ሒሳቡን አንተ ትሠራልናለህ። አንድ መምህር በወር 12,000 ብር ደሞዝ አለው እንበል። ሐምሌ 2017 በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ፣ ቁጥር 1395/2017፣ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ በላይ ያለው ከ15 እስከ 35 በመቶ በየእርከኑ ይታሰባል። ለ12,000 አቋራጩ ስሌት 30 በመቶውን አውጥቶ 1,350 መቀነስ ነው። ስንት መጣ?

(ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። «3,600። ሲቀነስ 2,250» አለ።)

እኅት፦ ጎሽ። ለጡረታ ደግሞ 7 በመቶ፣ 840 ብር ይቆረጣል። 8,910 ብር በእጁ ይገባል። በድሮው እርከን፣ በአዋጅ 979/2008፣ ለዚሁ ደሞዝ ግብሩ 2,700 ነበር፤ 450 ብር ቀንሷል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ አላጣጥለውም። ከግብር ነጻ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር፤ 2,000 መድረሱ ዝቅተኛ ተከፋዩን ጠቅሞታል።

ወንድም፦ ታዲያ ጥያቄሽ የቱ ላይ ነው?

እኅት፦ ጥያቄዬ ይኸው ነው። አብራኝ የምታስተምር ያላገባች ልጅ አለች፤ ብቻዋን ናት። እኔ ሦስት ልጅ አሳድጋለሁ፤ ሁለቱ የአብራኬ፣ አንዱ ያንተ። ደሞዛችን እኩል ከሆነ ፔሮሉ ላይ ግብራችንም እኩል ነው። በሕጋችን ሠንጠረዥ «ሀ» ላይ የልጅ ቁጥር የሚገባበት ዓምድ የለም። እኔ ስለ እሷ ይጨመርባት አልልም። ስለ ልጆቹ ይታሰብ ነው የምለው። ደግሞ ሌላም አለ፤ ይህኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በአገራችን ግብር የሚከፈለው በሰው ነው እንጂ በቤት አይደለም። ጎረቤቶቼ ባልና ሚስት ሁለቱም ይሠራሉ፤ ለየብቻ 6,000፣ ተደምሮ 12,000 ብር ያገኛሉ እንበል። የአንዳቸውን ግብር አስላልኝ፤ 20 በመቶ፣ ሲቀነስ 500።

(ልጁ «1,200 ሲቀነስ 500፣ 700። የሁለቱ 1,400» አለ።)

እኅት፦ ያ ቤት በአንድ ደሞዝተኛ የሚተዳደር ቢሆን 2,250 ይከፍላል። ሁለቱ ቤቶች ውስጥ የሚገባው ገንዘብ እኩል 12,000 ነው። አንደኛው በወር 850 ብር አብልጦ የሚከፍለው አንዱ ሰው ብቻ ደሞዝተኛ ስለሆነ ነው። የእኔ ባል የግንባታ ሥራው ቆሞበት እቤት ነው። ባሏ የሞተባት እናትም እንደዚሁ ናት። ሸክሙ የሚከብደው ትከሻው አንድ በሆነ ቤት ላይ ነው።

አባት፦ ልጁ ካሰላው በኋላ ይህ ገባኝ። ታዲያ እንደዚያ አገር ቢሆን ምን ይመስላል?

እኅት፦ ምሳሌ ልስጥ፤ ምሳሌ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ለአንድ ልጅ በወር 200 ብር ከግብር ላይ ይነሣ ተባለ እንበል። ለሦስት ልጅ 600 ብር። ከ2,250 ላይ ሲነሣ 1,650 እከፍላለሁ፤ ሙሉ 600ው ኪሴ ይቀራል። 600ው ከግብር ሳይሆን ከገቢዬ ላይ ይነሣ ቢባል ግን የሚቀርልኝ የ600 ብር 30 በመቶ፣ 180 ብር ብቻ ነው። በከፍተኛው እርከን ያለ ባለ ብዙ ደሞዝ ደግሞ 35 በመቶውን፣ 210 ብር ያተርፋል። ከገቢ ላይ ሲነሣ ብዙ ላለው ብዙ ይሰጣል፤ ከግብር ላይ ሲነሣ ልጅ ሁሉ እኩል ይሆናል። እኔ የወደድኩት ለዚህ ነው።

ወንድም፦ ዝቅተኛ ደሞዝተኛውስ? አስቢው። 4,000 ብር የሚከፈለው ጥበቃ ግብሩ 300 ብር ነው። ሦስት ልጅ ካለው 600 ይገባው ነበር። 300ው ዕዳውን ይሰርዝለታል። ቀሪው 300 ካልተመለሰለት የእሱ ልጆች ከአንቺ ልጆች በግማሽ ያንሳሉ ማለት ነው። 2,000 ብርና ከዚያ በታች የሚያገኝ ደግሞ ዱሮውንም ግብር ስለማይከፍል ምንም አይነካውም።

አባት፦ ገበሬውስ? እኔ ፔሮል ላይ የለሁ። የገጠር ልጅ ከዚህ ውስጥ የት ነው ያለው?

(ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። እኅት በረካውን ቀዳች።)

እኅት፦ ልክ ነዎት፣ አባየ። ይህን ሳልመልስ መቀጠል የለብኝም። የደሞዝ ግብር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ድጋፍ የከተማ ደሞዝተኛ ልጅን ይቆጥርና የገበሬውን ልጅ ይረሳል። ከአዴት ወጣ ብሎ ያለው ልጅ ሁሉ ይቀራል። እንግዲህ ቆጠራው መጀመር ያለበት ከልጁ ነው እንጂ ከደሞዙ አይደለም።

ወንድም፦ እንዲህ ያለ ነገር አገራችን ውስጥ ፈጽሞ የለም ማለት ነው?

እኅት፦ በየቦታው ጥቂት ጥቂት አለ። የመንግሥት ሠራተኛ እናት ስትወልድ ደሞዟ ሳይቋረጥ 120 ቀን ታርፋለች። ወላጆች ሲለያዩ በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ 79/1995፣ ለልጅ ቀለብ ይቆረጣል። በጡረታ ሕጉ ደግሞ ሠራተኛው ሲሞት ለሚስት ወይም ለባል የአበሉ 50 በመቶ፣ 18 ዓመት ላልሞላው ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ፋይናንስ ክፍሉ ልጆቼን በስማቸው የሚጽፋቸው እኔ ስሞት ነው። በሕይወት ሆኜ ሳሳድጋቸው ግን ቁጥራቸውን የሚጠይቅ የለም።

አባት፦ አንድ የረሳሽው አለ። የጤና መድኑ።

እኅት፦ ልክ ነው፣ ይንገሩት፤ እሱ እዚያ ሆኖ አያውቀውም።

አባት፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይባላል። ስንከፍል በቤተሰብ ነው። መዋጮውን እከፍላለሁ፤ በደብተሩ ላይ ባልና ሚስት፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም አብረው ይጻፋሉ። 18 ሲያልፈው ነው ለልጁ ተጨማሪ የሚከፈለው። ልጅ ሲታመም ደብተሩን ይዘህ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ። ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው፤ ጎጆው ውስጥ ገብቶ የቆጠረ እሱ ነውና።

እኅት፦ እሱም ከሩቅ የመጣ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአገር ደረጃ በ13 ወረዳዎች ሙከራው ሲጀመር ከእነዚያ አንዱ ከእኛ ብዙም የማይርቀው ደቡብ አቸፈር ነበር። ገበሬ መዋጮ አይከፍልም፣ ቤተሰብ መመዝገብ አይቻልም ተብሎ ይሆናል። ተቻለ። ስለዚህ ቤትን በልጅ ቁጥር መመዝገብ ለጎጃም ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በደብተሩ ላይ ሲሠራበት ኖሯል። ለደሞዝተኛው ከግብሩ ላይ ይነሣለት፤ ለገበሬውና ግብር ለማይደርስበት ሰው በዚህ በመድኑ መዋጮ በኩል ይቀነስለት፣ ወይም ለእናትየው በእጇ ይሰጣት። መንገዱ ሁለት ይሁን፣ ልጁ ግን እኩል ይቆጠር። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ወንድም፦ ሰው ልጅ እንዲያበዛ ያደርጋል የሚል ይነሣል።

አባት፦ አየ ልጄ! ልጅ ለ200 ብር አይወለድም። አንድ ደብተርና አንድ ጥንድ ጫማ ስንት እንደሆነ የማያውቅ ነው ይህን የሚል። ከፈሩ ደግሞ «እስከ ሦስት ልጅ» ብለው ይወስኑት።

እኅት፦ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብለን ኖረናል። የተረቱት ሰዎች አልዋሹም፤ ያደግነው በዕድላችን፣ በጎረቤትና በዘመድ ነው። ዛሬ ግን ዘመዱም ደሞዝተኛ ሆኗል፣ ጎረቤቱም እህል ገዝቶ ይበላል። ዕድሉን ብቻ አምነን ልጁን አንተወውም።

ወንድም፦ ታዲያ ይህ የእኔ ልጅ የት ይውደቅ? እዚህ አገር ግብር እከፍላለሁ፤ አብሮኝ አይኖርም ብሎ አይቆጥረውም። አንቺ እዚያ ግብር ትከፍያለሽ፤ የአንቺም ሕግ የልጅ ዓምድ የለውም። ሁለታችንም የላባችንን የምናወጣበት አንድ ልጅ በሁለት አገር ግብር ውስጥ የለም።

እኅት፦ የትም እንዳይጻፍ ያደረግነው ደግሞ እኛም ነን፣ ወንድማለም። እሱን ልነግርህ ነበር። የልደት የምስክር ወረቀት የለውም።

ወንድም፦ ምን? ወደዚህ ላመጣው ጉዳዩን ሳስገባ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እኮ እሱን ነው!

እኅት፦ አውቃለሁ። የተወለደው በ2006 ዓ.ም. ነው። የወሳኝ ኩነት አዋጁ፣ ቁጥር 760/2004፣ ቢወጣም ምዝገባው በየቀበሌው የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚወለድ ልጅ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። እሱ ከዚያ ቀድሞ ተወለደ። ትምህርት ቤት ሳስገባው በክርስትና ወረቀቱ ተቀበሉኝ፤ እኔም በቃ ብዬ ተውኩት። የራሴን ልጆች ሳስመዘግብ የእሱን ነገ ነገ እያልኩ 12 ዓመት ሞላው። ስለ ግብር ዓምድ ይህን ሁሉ ተናገርኩ፤ በእጄ ያለውን መዝገብ ግን አልሞላሁም።

አባት፦ ቤተ ክርስቲያንስ በ40 ቀኑ ቆጥራዋለች። ክርስትና ሲነሣ እኔው ነኝ የታቀፍኩት። ወረቀቱ የታለ?

(እኅት ከሳጥን በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ ለልጁ ሰጠችው። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል።)

ወንድም፦ እታለም፣ ራስሽን አትውቀሺ። ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። አሁን መላውን እንይ።

እኅት፦ ጊዜ ላለፈበትም ምዝገባ አለ። ነገ ሰኞ ቀበሌ እሄዳለሁ፤ የሚያስፈልገውን ጠይቄ እነግርሃለሁ። አንተ አባቱ እዚህ ስለሌለህ ውክልና መፈለጋቸው አይቀርም።

ወንድም፦ ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄጄ ውክልናውን እልካለሁ፤ በዚህ ሳምንት። ወረቀቱ ደርሶ፣ ጉዳዩ አልቆ፣ አብሮኝ መኖር ቢጀምር እንኳ ለዚህ ክሬዲት ከ17 በፊት የቀሩት ዓመታት ጥቂት ናቸው። ለገንዘቡ አይደለም የምለው። «ስንት ልጅ አለህ?» ስባል ሁለት ብዬ፣ ሁለት ተብሎ እንዲጻፍልኝ ነው።

አባት፦ ያ የታክስ ወረቀትህስ?

ወንድም፦ ዛሬ እፈርምበታለሁ፣ አንድ ተብሎ እንደተጻፈ። እውነቱ ለአሁኑ እሱ ነው። ለልጄ መስመር የማገኝለት በእውነተኛ ወረቀት ነው።

(ልጁ የክርስትና ወረቀቱን ገልብጦ አየና፣ «አያቴ፣ እዚህ ላይ ያለው የክርስትና ስሜ ነው። ትምህርት ቤት የምጠራበት የለም። ቀበሌ የቱን ነው የሚጽፉት?» አለ።)

አባት፦ የምትጠራበትን ይጻፉ፣ የኔ ልጅ። ያ የአገር ስምህ ነው፤ ደብተርህ ላይ ያለው፣ አባትህ የሚጠራህ። ይህኛው ደግሞ የእግዚአብሔር ቤት ስምህ ነው። ሁለቱ የአንድ ልጅ መሆናቸውን ክርስትና ያነሣሁህ እኔ ቆሜ እመሰክራለሁ። ነገ ከአክስትህ ጋር አብሬ እሄዳለሁ፤ ድንቹን ለመሸጥ ሌላ ቀን አለ።

ወንድም፦ ልጄ፣ ውክልናው ላይ የተወለድክበትን ቀን እንዳልሳሳት ካለው ወረቀት ላይ አንብብልኝ። ቀስ ብለህ፤ እየጻፍኩ ነው።

(ልጁ ወደ ስልኩ ተጠጋ፤ ጣቱን ከቢጫው ወረቀት ላይ አስቀምጦ ማንበብ ጀመረ።)